የኮረንቲ ርስት

ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚወጣው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ባላገርና አንድ ወጣት የኮረንቲ ሠራተኛ ይከራከራሉ።

«ልጄን ርስት ለሌለው አልድርም አላልሁህም?»

«አሁንማ አለኝ፣ አያ! ጌታዬ ከልጆቻቸው ጋር የጀመሩት የኮረንቲ ሥራ ሲሰፋ፣ ድርጅቱን ለእኛ ለሠራተኞቹም አካፈሉን።»

«ምነው፣ ዘመዳቸው ሳትሆን የማንን አጥንት ቆጥረህ ገባህ?»

«በአጥንት አይደለም። ምሰሶ ላይ ወጥቼ ሽቦ ስለዘረጋሁ ነው።»

«የሠራ ሁሉ ባለርስት ከሆነማ፣ በሬዬም ድርሻዬን ይበለኛ!»

«በሬዎ ልጅዎን አልጠየቀም፤ የጠየቅሁ እኔ ነኝ።»

ባላገሩ ሳቁ አመለጠው።

«በል እሑድ ሽማግሌ ስደድ። ሽማግሌዎቹ ግን ባለመሬት ይሁኑ፤ የኮረንቲውን ርስት ገና አላመንሁትም።»

የአባቴን ርስት በጭሰኛ እያሳረስሁ ያረጀሁት እኔ፣ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ እጄን ቀስ ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁ።