ዓይኔን መልስ!

የእህቴ ልጅ ናሆም ኢምፔሪያል አካባቢ ቤት ተከራይቶ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ይሥላል። ድሮ አህያዬን ሲሥላት ልታናፋ ምንም አልቀራት፤ ጅብ ቢያያት ከነወረቀቷ ይበላት ነበር። ዘንድሮ ባለቤቴ «ግድግዳ ላይ የምሰቅለውን መልክህን ሳታሥል እንዳትመጣ» ስላለችኝ ሄጄ ፊቱ ጉብ አልኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ ተቀምጬ ሥዕሉን ባየው፣ በጎን ሥሎኝ ዓይኔ አንድ ብቻ!

«አንተ! እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው? ሰይጣንና ይሁዳ! ጻድቅማ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ!»

«ጋሼ፣ አሣሣሌን ቀይሬያለሁ እኮ። ይሄ የራሴ ስታይል ነው።»

«ስታይልህን በሌላ ሰው ፊት ፈልግ! አገር ምድሩ ሊስቅብኝ ነው? ዓይኔን መልስ!»

እየተነጫነጨ ብሩሹን አነሳና ሁለተኛውን ዓይን ጨመረልኝ፤ እዚያው ጉንጬ ላይ፣ ከመጀመሪያው አጠገብ! ከዚያ ራቅ ብሎ አየኝና ዘለለ። «ይሄ ነው! ስፈልገው የኖርኩት ይሄ ነው!»

አሁን የሚሥለው ሁሉ፣ ዶሮዋ ሳትቀር፣ ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ ሆኗል። እኔም ቤቴ ተሰቅያለሁ። ባለቤቴ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «እንግዲህ ከኃጥአን ወጥተሃል» አለች። «ከማን ጋር እንደገባህ ግን ቄሱን እንጠይቅ።»