ጥርሳሙ ጎማ

ይሉኝታ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ለማውንቴን ባይኬ፣ ለተራራ ብስክሌቴ፣ ሁለት ጎማ ገዛሁ፤ አንዱ ጥርሱ ትልልቅ፣ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ሌላው ለስለስ ያለ፣ ፈጣን። ፓርኪንጉ ላይ ልገጥማቸው ስል ጋሼ ሙሉጌታ ደረሱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ስለነዱ፣ ጎማ ከተነሳ እሳቸው ሳይናገሩ አይታለፍም። «ጥርሳሙ ከኋላ ነው» አሉኝ። «የሚገፋው የኋላው አይደል እንዴ?» መሬት የሚይዘው ከፊት ቢሆን እንደሚሻል ስለማውቅ ልቤ አልተቀበለውም፤ ግን ጋሼን እንዴት ብዬ እምቢ ልበላቸው? እንዳሉኝ ገጠምኩት።

ቅዳሜ ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ከመጡ ጓደኞቼ ጋር ጫካ ገባን። ቁልቁለቱ እርጥብ ቅጠል ለብሷል። ኩርባው ላይ ስታጠፍ የፊቱ ጎማ ሸርተት አለና ራሴን ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘሁት። ደግነቱ ከጭረት በቀር ምንም አልሆንኩም። ቤት እንደገባሁ ጥርሳሙን ወደ ፊት አዞርኩት። ከዚያ ወዲያ ጭንቀቴ ጋሼ ሲያዩት ምን ይሉኝ ይሆን የሚል ነበር።

አዩት። ጎንበስ ብለው የፊቱን ጎማ ዳሰሱና «ወድቀህ ነው?» አሉኝ።

«ትንሽ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን፤ ተርፈሃል።» በረጅሙ ተነፈሱ። «ብስክሌት ለምትነዳው ልጄ ያልኩህን ብነግራት ‹አባዬ፣ የኋላው ቢንሸራተት ይመለሳል፤ የፊቱ ከሸሸ ግን ሰው ይጥላል› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔም ቀድሞ ጠርጥሬ ነበር፤ ታዲያ ምነው ኮል አላደረጉልኝም?»

«አፍሬ ነዋ። አንተስ፣ እያወቅክ ለምን እሺ አልከኝ?»