አስቀድሞ ለእህታቸው የተነበበው የመምህር ኒቆዲሞስ ወልደ ሰንበት ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ልትሸኟቸው በማለዳ ስለ መጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ይህን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ይስሐቅ ነኝ። ረጅም ንግግር አልችልበትም፤ እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር።

መምህር ኒቆዲሞስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰንበት አየለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደምሴ በ1957 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ለገሃሬ ሰፈር ተወለዱ። አባታችን በምድር ባቡር ወርክሾፕ በብረት ሥራ ያገለገሉ፣ በእጃቸው ሙያ የተመሰገኑ፣ በቤታቸው ግን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ስለ ልጅነታችን ብዙ አልልም። ደመወዙ ቤት ሳይደርስ የሚያልቅበት ወር ብዙ ነበር፤ ቀበቶው ግን ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ የለም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የተገኘ ልጅ ስለሚመታ፣ መምህር ኒቆዲሞስ በባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ወዲያና ወዲህ እየተራመዱ ማንበብ ለመዱ፤ ይህም ልማድ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

አባታችን፣ ከቢዮ አዋሌ ገጠር ወተት እያመጡ ይሸጡ ከነበሩት ከወይዘሮ መሪያም፣ ሳብሪን የተባሉ ልጅ ወልደዋል። ይህ በሰፈራችን የተሰወረ ነገር አልነበረም። ወይዘሮ መሪያም በሞቱ ጊዜ ወይዘሮ ሳብሪን ገና ሕፃን ሆነው ወደ ቤታችን መጡ፤ እናታችንም መጀመሪያ አኩርፈው፣ ኋላ ግን ከእኛ ሳይለዩ፣ የእናታቸውንም ሃይማኖት እስልምናን ሳያስለውጡ አሳደጓቸው። ከእኛ እኩል በሉ፤ ከእኛ እኩል ተመቱ።

መምህር ኒቆዲሞስ ትምህርታቸውን በከተማችን አጠናቀው፣ አዲስ አበባ ሄደው በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ተመልሰው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1989 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፉ ዜና ሕይወታቸውን እንዲጽፉ የታዘዙት እሳቸው ነበሩ። ደግ አባት፣ ለቤቱ አሳቢ አድርገው ጻፏቸው፤ ያላየነውን አባት ቀበርን። የልጆቹ ስም ጋ ሲደርሱ የእድር ሽማግሌዎች ለሟች ክብርና ለእናታችን ሲባል የወይዘሮ ሳብሪን ስም ይቅር አሏቸው፤ አስቀሩት። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ ብዙ ሰው አለቀሰ። ወይዘሮ ሳብሪን ከሴቶቹ መካከል ቆመው ስማችን ተነቦ እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያም እስከ ሠልስት ድረስ የለቀስተኛውን ሰሃን ሲያጥቡ ቆይተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ከቤታችን ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ መምህር ኒቆዲሞስ አላረፉም። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የመረጡት ጥናት በሥነ ጽሑፍና በሥነ ምግባር መካከል ስላለው ግንኙነት ነበር፤ በከተማችን ዩኒቨርሲቲም ተቀጥረው ይህንኑ አስተማሩ። ሰውን የበደለ ጽሑፍ አምሯል ይባላልን? አንባቢን ስላስለቀሰ ሐሰት ሐሰትነቱ ይቀርለታልን? እነዚህን ጥያቄዎች እያነሱ፣ በየዓመቱ የትምህርቱን ይዘት እየለወጡ፣ ያወጡትን ፈተና መልሰው እየሰረዙ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ሲመላለሱ እሳቸውን በዓይኑ የሚከተል ተማሪ አንገቱን ያመው ነበር። ድርሰት በጥበቡ እንጂ በጸሐፊው ጠባይ አይዳኝም የሚሉት ባልደረባቸው ዶክተር አብዱሰመድ፣ ዛሬም እዚህ አሉ፣ «አቦ ኒቆ፣ ድርሰቱን ንስሐ ልታስገባው ነው እንዴ? ተወው በቃ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም «ድርሰቱማ ምን አጠፋ፤ ንስሐው የቸገረው ጸሐፊው ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይሳሳቃሉ፤ ክርክሩ ግን አያልቅም።

በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዮርዳኖስ ታደሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጆቻቸውን ፍራኦልንና አርሴማን አፍርተዋል።

ከዓመታት በኋላ መምህር ኒቆዲሞስ ያኔ ያስቀሩትን ስም ታሪክ ለጥናት መጽሔት ጻፉት። ስሙን ቢለውጡም ወተቱ፣ ወርክሾፑና የለቅሶው ድንኳን በቦታቸው ነበሩ። የተማረው ሁሉ ቅንነታቸውን አደነቀ። ወይዘሮ ሳብሪን በዚያን ጊዜ በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ የልብስ ሱቅ ነበራቸው፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ሉብና ጽሑፉን በክፍል አግኝታ ቤት ወስዳ አነበበችላቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ወንድማቸው ቢሮ ሄዱ፤ ግቡ ቢባሉ እንቢ ብለው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «መጀመሪያ ሰረዝከኝ፤ አሁን ደግሞ ጻፍከኝ። መቼ ነው የጠየቅከኝ አቦ?» አሏቸው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በክፍላቸው አንድ ደንብ ቆመ። ስለ ሕያው ሰው የጻፈ ተማሪ ጽሑፉን ለዚያ ሰው ሳያነብ፣ አውጣ የተባለውን ሳያወጣ ማርክ አያገኝም። ተማሪዎች ከሰሷቸው፤ ደንቡን አልለወጡም። አንዱ ሐርላ መንደር ድረስ ሄዶ ስለ አጎቱ የጻፈውን ለአጎቱ ሲያነብ በዱላ ተባሮ ተመለሰ፤ መምህር ኒቆዲሞስ ዱላው ሳይነሣ የት ድረስ እንዳነበበ ጠይቀው ሙሉ ማርክ ሰጡት። ዶክተር አብዱሰመድ በዚህ ደንብ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አይጻፍም ሲሏቸው «እውነትህን ይሆናል» ይሉ ነበር፤ ይህም እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ወደ ታይዋን ገበያም ወደ እህታቸው ይመላለሱ ነበር። በሱቁ በር ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሐኪም ተኙ ቢላቸውም በመድኃኒት መስቀያው ተደግፈው ኮሪደሩ ላይ ይመላለሱ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩኝም ያን ጊዜ ነው፤ ለሕዝብ ከመነበቡ በፊት ለሳብሪን ይነበብላት አሉኝ። በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ትናንት ማለዳ አረፉ።

ትናንት ከሰዓት ወደ ታይዋን ሄድሁ። ወይዘሮ ሳብሪን መርዶውን ሰምተው፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ከውስጥ ተቀምጠው ነበር። በተቆለለው ልብስ መካከል ቆሜ አነበብሁላቸው። ስለ ልጅነታቸው ከጻፍሁት አንዱን አንቀጽ አውጣ አሉኝ፤ አወጣሁ፤ ምን እንደ ነበር አልናገርም። ወንድማቸውን ይቅር ብለዋል ብዬም ከራሴ ጨምሬ ነበር። «መመታቴም ይኑር፤ ስሜንም አንብብ» አሉኝ፤ «ይቅር አለችው ብለህ ግን እንዳታነብ። እኔና እሱ ገና አልጨረስንም ነበር።» ይህንንም እንዳለ እንዳነብ ፈቅደዋል።

መምህር ኒቆዲሞስ ትተዋቸው የሄዱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዮርዳኖስ ታደሰ፣ ልጆቻቸው ፍራኦልና አርሴማ፣ የእህታቸው ልጅ ሉብና፣ እኔ ወንድማቸው ይስሐቅ ወልደ ሰንበት፣ እንዲሁም በዚህ በሴቶቹ መካከል የቆሙት እህታቸው ሳብሪን ወልደ ሰንበት ናቸው።

በዕድሜያቸው ሙሉ ተቀምጠው ማንበብ ላልሆነላቸው ወንድማችን እግዚአብሔር በቅዱሳኑ አጠገብ የሚቀመጡበትን ስፍራ ይስጣቸው፤ ያልጨረሱትንም እሱ ይስማላቸው። ዱዓ የምታደርጉም አድርጉላቸው። አሜን።