አዞው እስኪደርቅ

«ቢላ ምን በደለና ነው የአዞ ቆዳ የሚያለብሱት?» ብሎ ጠይቆ የማያውቅ ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። እኔም ዲግሪዬን ታቅፌ የመጣሁ ዕለት መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ጋሽ ሙርሺድ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሩፈይዳ።»

«ተቀመጪ ሩፈይዳ። መልሱ ገና አልደረቀም።»

እሳቸው ራሳቸው ወደዚህ የእጅ ሥራ ማኅበር የመጡት ሊቀጠሩ አልነበረም። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ መድና እንደሚሉት፣ ከሚኖሩበት ከየቡ ቢላቸውን ሊያስሞርዱ ነው የመጡት። «ትንሽ ይጠብቁ» ተባሉ። ሲጠብቁ አንድ የተሰነጠቀ እጀታ አዩ፤ አንስተው ጠገኑት፤ ቆዳ አለበሱት። ቢላቸው እስከ ዛሬ አልተሞረደም። ዛሬ ጡረታ የሚወጡት መጠበቁ ሰልችቷቸው ይመስለኛል።

ሕጋቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እርጥቡ ቆዳ እጀታው ላይ ተለጥፎ እንደተሰፋ፣ የቢላው ባለቤት ራሱ ይጨብጠዋል። ስለቱ በጨርቅ ይጠቀለላል። ባለቤቱ የከሰዓቱን የዓስር አዛን እስኪሰማ አይለቅም። ቆዳው ሲደርቅ የሰውየውን እጅ ቅርጽ ይዞ ይቀራላ! በእጅ ፋንታ መቆንጠጫ ብናመጣላቸው፣ «ሽንኩርት የሚከትፈው መቆንጠጫው ነው እንዴ?» አሉን።

የሒሳብ ሠራተኛችን አብሳሎም ለሠርጉ ቢላ አሠራ። ጨበጠ። መሀል ላይ ባንክ መሄድ ነበረበት፤ ጨብጦ ሄደ። ጥበቃው በር ላይ አቆመው።

«የያዝከውን አስቀምጥ!»

«አልችልም፤ አልደረቀም።»

«ምኑ?»

«አዞው።»

ጥበቃው ከዚያ በኋላ ያደረገውን እዚህ አልዘረዝርም፤ የአብሳሎም ባለቤት መሀላችን አለች። በመጨረሻ ስልክ ተደወለ። «ይሄ ሰው የእናንተ ነው?» ጋሽ ሙርሺድም በእርጋታ፣ «ኤዬ፣ የእኛ ነው። እንዳይለቅ አደራ» አሉ።

ደግሞ ከደዶ የመጣው ጎረምሳ አለ። ነጠብጣብ ቆዳ በፌስታል ይዞ፣ «አባቴ፣ የነብር ነው፤ ለማንም አይንገሩ» አላቸው። ጋሽ ሙርሺድ ቆዳውን በምራቃቸው አሹት። ነጠብጣቡ ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ይሄ ነብር ዕድሜውን ሙሉ ሳር ነው የበላው። ደስ ይበልህ! እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ነበር የምጠራው።»

የፍየሉን ቆዳ ግን ለቢላው አለበሱለት። ልጁ ጨብጦ ዋለ።

ጋሽ ሙርሺድ፣ አሁን እርስዎን ነው የማናግረው፤ ጣሪያውን አይዩ።

የወይዘሮ መድና እናት ታመው ከተነሱ በኋላ እጃቸው አልጨብጥ ያለ ጊዜ፣ ቤታቸው ድረስ አብረን ሄድን። «ይጨብጡ» አላሏቸውም። እርጥቡን እጀታ መዳፋቸው ላይ አኖሩና የራስዎን እጅ ከላይ ደረቡበት። አዛን እስኪሰማ ስለ ዝናብ አወራችሁ። በሳምንቱ እማማ ራሳቸው ሽንኩርት ከተፉ፤ የአዞው ጉብጉብ ቆዳ እጃቸው ላይ አላዳለጠም። አለቀሱ። «በሽንኩርቱ ነው» አሉ። እኛም፣ በሽንኩርቱ ነው ብለን ተቀበልን። የጥያቄዬ መልስ ያን ቀን ደረቀልኝ። ገለቶማ፣ ጋሽዬ፤ አመሰግናለሁ።

አሁን ችግራችንን ልናገር። ወይዘሮ መድና ቁርጡን ነግረውናል፤ የሚያስተምር ካልተገኘ የቆዳው ጠረጴዛ ተነስቶ ቦታው መጋዘን ይሆናል። እኔ ገና ስፌቱን እንጂ ቆዳ መምረጡን አልጨረስኩም። ከኋላዬ ለመማር የተመዘገቡ ልጆች አሉ። መጋዘን ደግሞ አለን።

ስለዚህ ሳይፈቅዱ አንድ ነገር አደረግን። ያ ከየቡ ያመጡት ቢላ፣ እጀታው በብስክሌት ጎማ ላስቲክ የተጠቀለለው፣ ዛሬ ተሞረደ። ስላዘገየንዎት ይቅርታ። ላስቲኩንም አነሳንለት። ከአዞ እርባታው በሕጋዊ ደረሰኝ የገዛነው የመጨረሻው ቁራጭ ነው የለበሰው፤ ስፌቱ የእኔ ነው፤ አንድ ቦታ ጠምሟል፤ አይቼዋለሁ። ይኸው፤ ስለቱ ተጠቅልሏል። ቀኝ እጅዎን ይስጡኝ።

ይጨብጡ። እርጥብ ነው።

ወዳጆቼ፣ የስፕሪስ ብርጭቋችሁን አንሱ! እርስዎ ማንሳት አይችሉም፤ እጅዎ ተይዟል፤ እኛ እንጠጣልዎታለን። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የየቡ ቡናዎ ያፍራ፤ የጨበጡት ሁሉ አያዳልጥዎ!

ዓስር ገና ነው። ሕጉ የእርስዎ ነው፤ ሳይደርቅ መልቀቅ የለም፤ ሳይለቁ መሄድም የለም። እንግዲህ አብረን ተቀምጠናል፤ ይመልሱልን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምሩን ይመጣሉ?