ለእኩልነት የተሰጠ የቤት ሥራ

ቀጥ በይልኝማ የኔ ቆንጆ፣ መርፌው እንዳይወጋሽ። ጫፉን ትንሽ ላሳጥረው አይደል? ባለቤትሽስ፣ ጉንፋኑ ተሻለው? እሰይ! ይኼ ብርድ እኮ ሰው ጨረሰ... እመቤቴ፣ አግዳሚው ቆረቆረዎት አይደል? ትንሽ ይታገሡኝ፣ ካውያው እስኪግል ነው። ዛሬ ከሰዓት ምስጉን አስተማሪ ተብለው ሲሸለሙ የሚለብሱት ቀሚስ መሆኑ መች ጠፋኝ። እንኳን ደስ ያለዎት።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ልጄ። ቤት ናት። ኧረ አልታመመችም! ትምህርት በዝቶባት ነው። ትስቂያለሽ? የሰው ልጅ ትምህርቱ አልገባህም ተብሎ ይባረራል፣ የኔዋ ስለገባት ተባረረች።

አንዲት አስተማሪ አለቻቸው። አንቺ አታውቂያትም፣ የሩቅ ሰው ናት እንበል... ስለ እኩልነት ታጋዮች ስታስተምር አፏ ማር ነው። በቆዳ ቀለማቸው ከመቀመጫ ተነሱ ስለተባሉት፣ ሴት ናችሁ ተብለው ደጅ ስለቀሩት፣ አንነሳም ብለው ስለታሰሩት። እንባዋ ደግሞ እንዴት ቅርብ መሰለሽ! ልጄ እራቷን ትታ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ፣ እኔም ስፌቴን አቁሜ አብሬ አለቀስኩ። መጨረሻ ላይ «በሉ፣ የተማራችሁትን በሥራ አሳዩኝ» አለቻቸው። ልጆች አይደሉ? የቤት ሥራ መሰላቸው!

የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ ታውቂያት የለ? ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ። የመምህራኑን ማረፊያ ክፍል እስኪያበራ ትወለውላለች፣ ምሳዋን ግን ደረጃ ላይ ነው የምትበላው። ለምን? እንጃ... ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ይሆናል። ቢቆሽሽስ ራሷ አይደለች የምታጸዳው? የኔዋ ጉደኛ ጓደኞቿን አስከትላ፣ የሴትዮዋን እጅ ይዛ አስገባቻትና ከመምህራኑ ወንበር ባንዱ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ዙሪያዋን ወለሉ ላይ ዘርፈጥ! አንነሳም አሉ። አስተማሪቷ ስትገባ ልጄ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ ከስንት ነው የሚያዘው?» ...ተይ አፈር ስሆን አትሳቂ፣ ቀሚሱ ይጣመምብኛል።

ማርኩንማ ሰጠቻት! በጆሮዋ ጎትታ አወጣቻት። ሴትዮዋንም «አንቺ ደግሞ ልጅ ግቢ ስላለሽ ትገቢያለሽ?» አለቻት፣ በዚያው በማር አፏ። አሁን ልጄ በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ካልጠየቀች አትገባም። ተንበርክካ! ልጄ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬ፣ እነዚያ ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው ነበር እንዴ?» ምን ልበላት? እምቢ በይ ብላት ፈተናው ያመልጣታል፤ ተንበርከኪ እንዳልላት... በየት አፌ? ቁርጤን ነው የምነግርሽ፣ ልጄ አትንበረከክም። ዓመቱ ቢያመልጣት ያምልጣት።

ሐሜት እንዳይመስልሽ ደግሞ፣ አስተማሪቷን ወድጃታለሁ። ከልቤ! የሌላው ትምህርት ደብተር ላይ ይቀራል፣ የሷ ግን በተግባር ነው። ታጋይ እንዴት እንደሚባረር ማን እንዲህ አድርጎ ያሳያል? ልብ ብለሽ ካየሽው እኮ፣ እነዚያ ታላላቅ ሰዎች በር የሚዘጋባቸው ባያገኙ ማን ያውቃቸው ነበር?

በይ ጨረስኩ፣ አውልቂው። እመቤቴ፣ ምነው ተነሱ? ይቀመጡ እንጂ፣ እኛ ቤት ወንበሩ የሁሉም ነው... ለዚያች አስተማሪ ግን ቀሚስዎን እየተኮስኩ ልመርቃት፣ እርስዎም አሜን ይበሉልኝ። እድሜዋን ያርዝመው፣ ጤናዋን አይንሳት። ልጄ አድጋ ታሪኳ በመጽሐፍ ሲጻፍ ለማየት ያብቃት። የሷም ስም አይቅርባት፤ እዚያው ገጽ ላይ፣ ከልጄ ስም ጎን፣ ሥራዋ ሳይጎድል ይጻፍላት። የልጅ ልጆቿም ክፍላቸው ውስጥ ቆመው ጮክ ብለው ያንብቡት።