ባሕር ዳር የጮኽኩት ኡኡታ

ስሙኝማ ልጆቼ! የልጅ ልጄ ሳሮን ከምትኖርበት ከኦክላንድ ከተማ ብዙ ወደማይርቅ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። ማዕበል የለው፣ ሰው የለው፣ ጭር ያለ ነው። አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ብቻ ከዳር ርቃ ውሃው ውስጥ እጇን ስታወራጭ አየኋት። ውሃ ሊበላት ነው! ዝም ልበል እንዴ? «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ብዬ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከነጫማዬ ገባሁላት።

«እማማ፣ ስቶፕ! ስዊም እያደረገች ነው እኮ!» ትላለች ሳሮን ከኋላዬ። ሴትዮዋ ጩኸቴን ስትሰማ ብድግ ብላ ቆመች። ውሃው ለካ ወገቧም አይደርስ!

እየሳቀች መጥታ እጄን ያዘችና ለሳሮን አንድ ነገር ነገረቻት። «ምን አለች?» አልኩ።

«ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምዋኘው፣ ነገም ይምጡልኝ አለች።»

ይኸው አሁን በየጠዋቱ እሷ ትዋኛለች፣ እኔ ዳር ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ኡኡ ማለት ካስፈለገም፣ ጉሮሮዬ እንደሆነ ደህና ነው።