«የለም» አይባልም

የተከበሩ እትዬ፣ የተከበራችሁ የጋሼ ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ፣ እዚያ ከኋላ ፀሐይ ላይ የቆማችሁም ጭምር፤ ስለመጣችሁለት እሱ ቢችል በየተራ ይመዘግባችሁ ነበር።

እንድናገር ያዘዙኝ እትዬ ናቸው። «አንተ ተናገር፤ ታዲያ እንዳትቀልድ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እትዬ፣ ይኸው ከአሁኑ ይቅርታ።

የማታውቁኝ፣ ከጋሼ ክፍል አጠገብ ስልክ የምጠግነው ነኝ። የምታውቁኝ ደግሞ ስልካችሁ ገና አልደረሰም፤ ቀብር ላይ አትጠይቁኝ።

አንቱ ልለው ይገባ ነበር። ራሱ ከለከለኝ። «አንቱ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለኛል» አለኝ። ስለዚህ አንተ እንዳልኩት እቀብረዋለሁ። ያወጣሁለት ስም «ጋሼ አለ» ነው።

ለምን «ጋሼ አለ»? ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠራ። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ፋይል ስትጠይቁ ምን ትባላላችሁ? «የለም።» በማግስቱስ? «ነገ ና።» ነገ ስትመጡስ? «ትናንት እኮ ነበር።» ይሄ ሰው ግን ገና ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ «አለ። ቆይ» ይላችኋል። መሰላሉ ላይ ወጥቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ አግኝቶ ይወርዳል። ስሙ አንድ ጣጣ ብቻ ነበረው። «ጋሼ አለ አለ» ስል ማን ምን እንዳለ የሚገባው ሰው አልነበረም።

ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ብላችሁ ነበር አይደል? እትዬም ብለው ነበር። እሱ ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ተከራየ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ክዳኑ አልገጥም ያለ ስካነር። ክዳኑን የሚጫነው የእትዬ ካውያ ነው። እትዬ፣ ስድስት ዓመት የፈለጉት ካውያ እዚያ ነው ያለው።

በዚያች ክፍል ያ ጦርነት በዚህ አካባቢ ሲያልፍ የተጻፈውን ሁሉ ሰበሰበ። ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የይለፍ ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ። ሰበሰበና ምን አደረገው? ለሁሉም እንዲከፈት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው።

እኔ እንዴት ገባሁ? አንድ ቀን ካሴት ይዞ ሱቄ መጣ። ሰው ፊት ላስቅበት ፈለግኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ሲሙ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ሲሙ ውስጥ ነው። ጆሮህን አምጣ» አለኝ።

አሮጌ ቴፕ ፈልጌ አጫወትኩት። አንድ ወታደር ከግንባር ለእናቱ የላከው ድምፅ ነበር። ያኔ መጻፍ የማይችል በካሴት ይልክ ነበር። ምን ይላል መሰላችሁ? ስለ ጥይት ትንፍሽ አላለም። «እማዬ፣ ያቺ ጥቁሯ ዶሮ አሁንም ጎረቤት ቤት ሄዳ ነው የምትጥለው?» ይላል። ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። የቀረው ካሴት ባዶ ነው። ሳቄ የት እንደገባ እኔም አላውቅ።

«ይሄን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ትችላለህ?» አለኝ።

«በደንብ!» አልኩት። አልችልም ነበር። በዚያች ውሸት ተይዤ ይኸው ስድስት ዓመት።

ክላውድ ላይ እናስቀምጠው ስለው «ምንድን ነው እሱ?» አለ። «ደመና ማለት ነው» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። «እነዚህን ወረቀቶች አንዴ ዝናብ በልቷቸዋል፤ አንተ ደግሞ ወደ ደመናው ልትመልሳቸው ነው?»

አሁን ልብስ ሰፊዋን እዩልኝ፤ ያቺ ነጠላዋን ፊቷ ላይ የሳበችው። የወንድሟን ስም ልታስፈልግ መጣች። ጻፍኩ። ማሽኑ «የለም» አለ። ደግሜ ጻፍኩ። «የለም።» እሷ እንኳ አላለቀሰችም። መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተነሳች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመ። «የትም አትሄጂም» አላት። የደብዳቤዎቹን ሣጥን ገለበጠ። ወንድሟ በገዛ እጅ ጽሑፉ ከውስጡ ወጣ! ማስገባቱንስ አስገብቼው ነበር። እሱ ስሙን በንጉሡ ሠ ጽፏል፤ እኔ በእሳቱ ሰ አስገብቻለሁ፤ ስፈልገው ደግሞ በንጉሡ ፈለግኩት። እኔ ዘንድ ንጉሡም እሳቱም እኩል ናቸው። ለማሽኑ ግን ሁለት ሰው ናቸው።

እሷ ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትሄድ እኔ ስድቤን እጠብቃለሁ።

«እስከ ስንት ነው የተማርከው?» አለኝ።

«እስከ ስምንት። ስምንትንም ግማሽ።»

«ጎሽ! ብዙ ሰው እዚያው ነው ያቆመው። አንተ የምትሳሳተውን እነሱም ይሳሳታሉ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ስም አንዴ በትክክል፣ አንዴ እንዳንተ አድርገህ አስገባ።»

ሰምታችኋል? እኔን አስተማሪዎቼ በቀይ እስክሪብቶ የጨረሱኝን፣ ይሄ ሰው ለስህተቴ መደብ ከፈተላት! ስንት ሰው ዘመዱን በኔ ስህተት በኩል አገኘ!

ቀጥሎ ማሽኑን ገሠጸው። «የለም የሚለውን አጥፋ» አለኝ። «ምን ይበል?» «ቆይ፤ እየፈለግን ነው ይበል።» «ጋሼ፣ ማሽን ቆይ ይላል እንዴ?» «ሰው ሲቸግረው ማሽን ይበል እንጂ!»

«የለም» የሚለውን ቃል ለምን እንዲህ እንደጠላው ለማንም አልነገረም። የራሱን ታሪክ እንዲቀዳ ስንለምነው «መዝጋቢ አይመዘገብም» ይለናል። አሥራ አንድ ጊዜ ለመንኩት። በአሥራ ሁለተኛው ስልኬን «ቻርጅ ላይ ናት» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋት። መቅጃው ክፍት ነው። «ጋሼ፣ በጦርነቱ ጊዜም ይቺን ኮትህን ለብሰህ ነበር የምትፈራው?» አልኩት። ተያዘ። አርባ ሦስት ደቂቃ አወራ።

እንደነገረኝ፣ በጦርነቱ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ተመትቶ ዝናብ ገባ። እሱ ፋይሎቹን በጋሪ ወደ ቤቱ አመላልሶ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀላቸው። እዚህ ላይ ምሳውን ሊያደርሱ የመጡት እትዬም ከበሩ ላይ ቅጂው ውስጥ ይሰማሉ፤ «ልጆቼ እርጥብ ልብስ ለብሰው እንደከረሙ ንገረው እንጂ!» ይላሉ።

በዚያ ሰሞን አንድ አባት መጣ። የጠፋ ልጁን ፋይል ጠየቀ። ፋይሉ ላይ ፎቶ አለ፤ ቤተሰቡ የልጁ ሌላ ፎቶ አልነበረውም። ጋሼ ሦስት ቀን አልተኛም ነበር። ፈርቷልም። ቀና ሳይል «የለም» አለው። አባትየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። አመስግኖ ሄደ! ከወር በኋላ ፋይሉ ከገመዱ ጫፍ፣ ከሌላ ወረቀት ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ጋሼ ያን አባት ሊፈልግ ሄደ። ሰፈሩ ባዶ ነበር።

ድምፁን በቀዳሁ በማግስቱ ተንኮሌን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «አታጥፋው» አለኝ። «እኔ ስሄድ ግን ክፈተው። ያ አባት ዘመድ አያጣም፤ አንዱ ይሰማው ይሆናል።»

የሞተ ዕለት ጠዋት ክፍሉን ከፍቼ ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩ። በትክክልም፣ እንደኔም። ማሽኑ ምን አለኝ? «ቆይ፤ እየፈለግን ነው።» በገዛ ቃሉ! ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ከዚያ ቅጂውን በቅጽል ስሙ እንደደበቅኩት ትዝ አለኝ። «ጋሼ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ወጣ። አንድ ድምፅ፤ አርባ ሦስት ደቂቃ።

ትናንት አንዱ «እንግዲህ ያ ክፍል ይዘጋላ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ወንድሜ፣ ቁልፉ ይኸውልህ እጄ ላይ። አይዘጋም። ልብስ ሰፊዋ አንዱን ጠረጴዛ ይዛለች፤ እኔ ሌላውን። ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን ይዛችሁ ኑ። ስም መጻፍ ባትችሉ አትፈሩ፤ ከኔ የባሰ አትጽፉም።

የዚያን የጠፋ ልጅ ፎቶ ኮፒ ኪሴ ይዤዋለሁ። ዋናውን ከክፍሉ ባወጣው ኖሮ ጋሼ ከዚህ ተነስቶ ይቀማኝ ነበር። ኮሌታው በግራ በኩል ታጥፏል፤ የማኅተሙ ግማሽ ትከሻው ላይ አርፏል። ስንጨርስ መውጫው በር ጋ ይዤው እቆማለሁ። ሳያየው የሚወጣ እንዳይኖር። አንዳችሁ ታውቁት ይሆናል። ዛሬ ባይሆን ነገ። እኛ እንደሆነ ፍለጋ ለምደናል።

ጋሼ፣ በል ደህና ሁን። ካውያው እትዬ እስኪቀሙኝ እዚያው ነው። ነገ ጠዋት ወሬውን ያልሰማ አንድ ሰው መጥቶ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ጋሼ የለም?» ማለቱ አይቀርም። ምን እንደምመልስለት ታውቃለህ።

«አለ። ቆይ፤ ግባና ተቀመጥ። ማንን ነው የምትፈልገው?»